ንጹሕ የሚመስለው ዛፍ፦ የዘጌ ቡናና የቅጠል ዋግ ሙከራ

መስከረም 14

የሥራው ዓላማ አጭር ነው። አጎቴ ዘጌ ላይ ያላቸውን ያረጀ ቡና ቀስ በቀስ ሊተኩ ነው። ችግኙን የማፈላው እኔ ነኝ፣ ባሕር ዳር ጓሯችን ውስጥ። ያልተስማማነው ዘሩ ከየትኛው ዛፍ ይለቀም በሚለው ላይ ነው። "ከደህናው ነዋ!" ይላሉ እሳቸው። እሺ፣ ደህናው የቱ ነው?

የሚያስቸግረን የቡና ቅጠል ዋግ ነው። ቅጠሉን ከላይ ስታዩት የደበዘዘ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፣ ገልበጥ ስታደርጉት ደግሞ ብርቱካናማ ዱቄት። ጣት ሲያርፍበት በርበሬ የነካ ይመስላል። ዛፉን ወዲያው አይገድለውም። ቅጠሉን ያረግፈዋል፤ ቅጠል ያጣ ቅርንጫፍ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት የረባ ፍሬ አይዝም፣ ጫፉ ይደርቃል፣ ዛፉ እያደር ይደክማል።

ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ቡናዋን ትታ ወደ ሻይ የዞረችው በዚህ ፈንገስ ምክንያት ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. ነው እዚያ የታወቀው። ብራዚል በ1970 ታየ፣ ማዕከላዊ አሜሪካን ደግሞ በ2012 አካባቢ አመሳት። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ እልቂት አልደረሰም። አንዱ ምክንያት ቡናችን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ ዛፍ ከዛፍ ይለያል፣ አንዱ ሲታመም ጎረቤቱ ይተርፋል። እኔም ልጠቀምበት የምፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ዘጌ ላይ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይብሳል። እዚያ በሬ አይጠመድም፣ ከድሮ ጀምሮ የተከለከለ ነው። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው፤ ሦስቱንም ያስገኙት የዘጌን ገዳም የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ስለዚህ ቡናው ሲታመም "ቆይ ዘንድሮ ጤፍ ልዝራ" የሚባል ነገር የለም።

መስከረም 18

ዛፎቹን መረጥን። በፊደል ነው የሰየምኳቸው፣ አጎቴ ግን የራሳቸው ስም አላቸው፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ አንዳንዱ ስድብ ነው።

ሀ፦ ከቤቱ ደጃፍ ያለው ትልቁ። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል። ንጹሕ ነው። የአጎቴ ምርጫ ይህ ነው፣ ሌላ አማራጭ መስማትም አይፈልጉም።

ለ፦ ወደ ሐይቁ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ያለው። ነጠብጣብ የሞላበት፣ አስቀያሚ። "ይሄማ ለማገዶ ነው" ብለዋል።

ሐ፦ ዋንዛ ሥር ያለ፣ ጥላ የበዛበት፣ ፍሬው ትንሽ።

መ፦ አጥር ጥግ፣ ብርብራ ሥር። መካከለኛ። ስለሱ ማንም ክፉም ደግም አይናገርም።

ሠ፦ ከጥቂት ዓመት በፊት በችግኝ የተገዛ። ሻጩ "የተሻሻለ ነው፣ በሽታ የሚባል አይነካውም" ብሎ ነው የሸጠው። አሁን ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ብርቱካናማ ነው።

ስለ ሠ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን ተከትሎ ጅማ ላይ፣ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል፣ ከጫካና ከገበሬ ማሳ ዛፎች ተመርጠው ወጡ። 74110፣ 74112፣ 74140 እያልን የምንጠራቸው እነዚያ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ አካባቢ ቡናን ያተረፈ። ግን የተመረጡት ፍሬውን የሚያጠቁረውን በሽታ እንዲቋቋሙ ነው። የቅጠል ዋግ ሌላ ፈንገስ ነው፣ ሌላ መግቢያ፣ ሌላ ጠባይ። አንዱን የቻለ ዛፍ ሌላውን ይችላል ማለት አይደለም። ሻጮች ግን "በሽታ የማይነካው" በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው ይሸጡታል፣ ገዢውም የትኛው በሽታ ብሎ አይጠይቅም። የአጎቴ ችግኝ ከነዚህ አንዱ ይሁን አይሁን እንኳ አይታወቅም፤ ቁጥር አልተነገራቸውም።

ከመመለሴ በፊት በእያንዳንዱ ዛፍ የተወሰኑ ቅርንጫፎች ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፣ ከክሩ እስከ ጫፍ ያለውን ቅጠልም ቆጥሬ ጻፍኩ። ጎረቤት ያሉ እናት ቆመው አዩኝና "ለቡዳ ነው?" አሉ። ለዋግ ነው ስላቸው "እሱም ያው ነው" ብለው ሄዱ።

መስከረም 25

ቤት ውስጥ ያዘጋጀሁት ይኼ ነው። ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ምግብ መያዣዎች። ውስጣቸው በውሃ የራሰ ስፖንጅ፣ በላዩ ሶፍት። ቅጠሉን በክብ ለመቁረጥ ብየዳ ቤት ሄጄ ከቀጭን የብረት ቱቦ አስቆረጥኩና ጫፉን አሳልኩት፤ በግምት ሁለት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ያወጣል። ለጠብታው የኢንሱሊን መርፌ። ሁለት ዩኒት ማለት 0.02 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለአንድ ክብ ቅጠል ይበቃል። ላብራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ ዲስትልድ ውሃ ሰጠችኝ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አልተጠቀምኩም።

ለምን ቅጠል ተቆርጦ? ዛፉ ላይ እያሉ ብናይ አይሻልም? ይሻላል፣ ግን ዛፍ ላይ የምታዩት የብዙ ነገር ድምር ነው። ፍሬ የበዛበት ዛፍ ይበልጥ ይጠቃል። ጥላ ሥር ያለው ቅጠል ረዘም ላለ ሰዓት ይረጥባል። ዳር ያለውን ነፋሱ ዱቄቱን ቀድሞ ያደርሰዋል፣ መሀል ያለውን ዘግይቶ። ሳጥን ውስጥ ግን ሁሉም እኩል ነው፦ እኩል ውሃ፣ እኩል ዱቄት፣ እኩል ጨለማ። የሚቀረው ልዩነት ባብዛኛው የቅጠሉ የራሱ ነው።

ጥቅምት 3

ዛሬ ዋናው ቀን ነበር። ጠዋት ዘጌ ገብቼ ቅጠል ሰበሰብኩ፣ ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሦስተኛውን ጥንድ፣ ያልገረጀፈና ለጋ ያልሆነ። ዱቄቱን ከብዙ ዛፍ በስዕል ብሩሽ እያራገፍኩ ወረቀት ላይ ያዝኩ፤ ሆን ብዬ ነው የደባለቅሁት። አንድ ማሳ ላይ ያለው ዋግ ሁሉ አንድ ዘር ላይሆን ይችላል። ፖርቱጋል ኦኤይራስ ላይ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቡናን ዋግ ብቻ የሚያጠና ማዕከል አለ፤ ከ50 በላይ የተለያዩ የዋግ ዘሮች ተለይተው ታውቀዋል። እኔ ያን መለየት አልችልም። ማሳው ላይ ያለውን ሁሉ የሚችል ዛፍ ነው የምፈልገው።

ማታ ቆረጥኩ፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ አሥራ ሁለት ክብ፣ ሆዱ ወደ ላይ። ይሄ ወሳኝ ነው። የቡና ቅጠል የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ከሥር በኩል ብቻ ነው፣ ፈንገሱም በዚያው በኩል ነው የሚገባው፤ ጀርባው ላይ ብታንጠባጥቡ ትርጉም የለውም። ስፖሩ፣ ማለትም ዱቄቱን የሚሠራው የፈንገሱ ዘር መሰል ቅንጣት፣ እንዲበቅል የቆመ ውሃ ይፈልጋል፣ ብርሃን ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ ጠብታውን አሳርፌ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ሳጥኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ነገ ማታ ጠብታውን በሶፍት አድርቄ ወደ መስኮቱ አወጣቸዋለሁ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ጎን።

ሠ እዚህ ለቁጥጥር ነው የገባው። መታመሙን ማሳ ላይ አይቻለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ሠ ካልታመመ ዱቄቱ ሞቷል ወይም አያያዙ ልክ አይደለም ማለት ነው፣ የሌሎቹ ንጽሕናም ምንም አይነግረኝም።

ጥቅምት 9

ምንም የለም። መብራት ሁለት ቀን አልነበረም፣ ግን ይህ ሥራ መብራት አይፈልግም። የጥቅምት ባሕር ዳር ሙቀት ራሱ ለዋግ ምቹ ነው። ስፖንጁን አረጠብኩ።

ጥቅምት 19

ጀመረ! ሠ ላይ የገረጡ ነጥቦች፣ ለዓይን ሳይሆን ወደ መስኮቱ ሲነሣ በብርሃኑ የሚታዩ። ሀ ላይም አሉ። በደንብ አሉ። ሁለት ጊዜ ምልክቱን አረጋገጥኩ፣ ሳጥን አልተቀያየረም።

ለ ላይ ትንሽ። ሐ እና መ ገና።

ለአጎቴ ደውዬ አልነገርኳቸውም። ገና ነው።

ጥቅምት 30

ዱቄቱ ወጣ። በአሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ክብ በክብ አየሁ።

ሠ፦ እንደተጠበቀው። ሁሉም ክብ ማለት ይቻላል በብርቱካናማ ተሸፍኗል።

ሀ፦ ከሠ የማይተናነስ። ነጠብጣቡ ሰፊ፣ ዱቄቱ ወፍራም፣ ብሩሹን ሳስጠጋው ይበናል። የአጎቴ ምርጥ ዛፍ ይሄ ነው።

ሐ፦ ግማሽ ግማሽ። አንዳንዱ ክብ ታሟል፣ አንዳንዱ ንጹሕ።

መ፦ ጥቃቅን የደረቁ ነጥቦች ብቻ፣ ዱቄት የለም። ፈንገሱ ገብቷል፣ ቅጠሉ ግን በገባበት ቦታ ላይ የራሱን ሴሎች ገድሎ ምግብ ከልክሎታል። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ካለ ቅጠል ብቻ ነው፣ በሞተ ሴል ውስጥ አያድግም።

ለ ነው ብዙ ያቆየኝ። ነጠብጣብ አለው፣ ቁጥሩም ቀላል አይደለም። ግን እያንዳንዱ ነጠብጣብ ትንሽ ነው፣ ዳሩ ቢጫ፣ መሀሉ ላይ ዱቄቱ ስስ፣ ከሠ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ቅጠሉ ያጠለለው ይመስላል። በዚያ ላይ ዘግይቶ ነው የወጣው። የሠ ክቦች ዱቄት ሲበትኑ የዛፍ ለ ክቦች ገና እየገረጡ ነበር። ለአንድ ቅጠል ይሄ ልዩነት ትንሽ ነው። ለማሳ ግን አይደለም፤ ዋጉ በአንድ ወቅት ውስጥ ደጋግሞ ይራባል፣ እያንዳንዱ ዙር ሲዘገይና ዱቄቱ ሲያንስ በመጨረሻ የሚታመመው ቅጠል በብዙ ይቀንሳል።

ኅዳር 6

ዘጌ። ክሮቹን ቆጠርኩ።

ሀ ላይ ምልክት ካደረግሁባቸው ቅጠሎች ከግማሽ በላይ የሉም። ጫፉ ላይ ግን አዲስ ለጋ ቅጠል አውጥቷል፣ የሚያብረቀርቅ። ዛፉ ከሩቅ አምሮበታል፣ ፍሬውም እየቀላ ነው። ለ ላይ ደግሞ አብዛኛው ቅጠል፣ ነጠብጣቡን እንደያዘ፣ ቦታው ላይ አለ።

ነገሩ ገባኝ። የታመመው የሀ ቅጠል ይረግፋል፣ ዛፉ ላይ የሚቀረው ጤነኛውና አዲሱ ነው፣ እናም ንጹሕ ይመስላል። ለ ደግሞ ቅጠሉን ተሸክሞ ስለሚቆይ በሽታው ይታይበታል። ታዲያ የሀ የረገፈ ቅጠል የት ሄደ? መሬቱ ላይ የለም። ከደጃፍ ነዋ ያለው! የአጎቴ ባለቤት በየማለዳው ይጠርጉታል።

"እትዬ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር ብዙ ቅጠል ይጠርጋሉ?" አልኳቸው።

"ኧረ ተወኝ ልጄ! ወገቤን የቆረጠኝ እሱ አይደል?"

አጎቴ ሰምተዋል። ዝም አሉ። ከዚያ "ቅጠል የማይረግፍበት ዛፍ የት አለ?" አሉ። የሳጥኖቹን ፎቶ በስልክ አሳየኋቸው፣ ሀ እና መ ጎን ለጎን። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይሄ እኮ ቤት ውስጥ ያደረግኸው ነው፣ ዛፉ ላይ አይደለም" አሉኝ። አባባላቸው ሥፍራ የለውም ማለት አልችልም። ስለዚህ ጥርጊያው ከሀ ሥር ለብቻ በከረጢት እንዲቀመጥ ተስማማን፣ እትዬም በደስታ ተቀበሉ፤ ምስክር አገኙ መሰለኝ።

መድኃኒት ይረጭ ወይ የሚል ጥያቄም ተነሣ። የመዳብ ውህዶች ለዚህ በሽታ በዓለም ላይ ሲረጩ ኖረዋል፣ ከመታመሙ በፊት ቅጠሉ ላይ ካረፉ ስፖሩ እንዳይበቅል ይከለክላሉ። ግን የዘጌ ቡና ሳይረጭ የኖረ ነው፣ ጫካው መሀል ንብ አለ፣ ሥሩ ሐይቅ አለ፣ ጥላ ሥር ባለ ረጅም ዛፍ ላይ የቅጠሉን ሆድ ለማግኘት ደግሞ እንዴት ተደርጎ? አጎቴም አልፈለጉም።

ኅዳር 12

ሁለተኛ ዙር ጀመርኩ። የአሁኑ ለየት ይላል፦ ከአንዱ ዛፍ ፀሐይ የሚመታውንና ጥላ ሥር ያለውን ቅጠል ለየብቻ። ሐ ግማሽ ግማሽ የሆነው ቅጠሉ ከሁለቱም ስለተደባለቀ እንደሆነ ለማየት።

ከዘጌ ያመጣሁት የዛፍ ለ ቅጠል ላይ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ብርቱካናማው ነጠብጣብ መሀል ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር። ጓደኛዬ በማይክሮስኮፕ አየችው። ዋጉን ራሱን የሚበላ ፈንገስ ይመስላል፤ ሌካኒሲሊየም የሚባል አለ፣ ቡና ላይ የሚጣበቁትን ትንንሽ ነፍሳትም ዋጉንም ያጠቃል፣ በእኛ የጫካ ቡናዎች ላይም የታወቀ ነው። እዚያው የዋጉን ስፖር አሳየችኝ። የባቄላ ቅርጽ አለው፣ ጀርባው እሾሃማ፣ ሆዱ ልሙጥ። ሄሚሊያ የሚለው የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል ከዚህ ግማሽ ልሙጥነት የመጣ ነው።

ይሄ ነጩ ፈንገስ የሒሳቡን አንዱን ክፍል ያወሳስበዋል። ማሳ ላይ ዛፍ ለን የሚረዳው የራሱ አቅም ብቻ አይደለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ሳጥን ውስጥ ግን ነጩ አልነበረም፣ ነጠብጣቡም ትንሽ ነበር። እናም ሁለቱም አሉት።

ታኅሣሥ 10

የሁለተኛው ዙር ውጤት ወጥቷል። ሀ እና ሠ እንደገና ታመሙ። ሐ፦ የፀሐይ ቅጠሉ ብሷል፣ የጥላው ቀለል ብሏል። መ አሁንም ዱቄት የለውም። ለ አሁንም ዘግይቶ፣ ስስ።

አሁን ጥያቄው መ ነው ወይስ ለ የሚል ሆነ። ስሜቴ መጀመሪያ ወደ መ ነበር። ምንም ዱቄት ካልወጣበት ምን ያጨቃጭቃል? ግን የዚህ ዓይነት ሙሉ መከላከያ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በጥቂት ጂን የሚሠራ ነው፣ ፈንገሱ አንዲት ነገር ለውጦ ሊያልፈው ይችላል። በ1927 እ.ኤ.አ. ቲሞር ደሴት ላይ ሁለቱ የቡና ዓይነቶች፣ አረቢካና ሮቡስታ፣ ራሳቸው ተዳቅለው የተገኘ አንድ ዛፍ አለ፤ ካቲሞር የሚባሉት ዝርያዎች ከሱ ነው የወጡት፣ ዓለም ለአሥርት ዓመታት ተማምኖባቸዋል። ሆንዱራስ ውስጥ ሌምፒራ የተባለው ከነሱ አንዱ ነው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ዋጉ ጥሶት መያዙ ታወቀ። ገበሬዎቹ "የሚችል" ተብለው በሰፊው የተከሉት እሱን ነበር። እንደ ለ ያለው ግን ፈንገሱን አይዘጋበትም፣ ያዘገየዋል፣ ያሳንሰዋል፤ ብዙ ትንንሽ ነገር ተደምሮ ስለሆነ በአንድ ለውጥ አይፈርስም።

ስለዚህ ከሁለቱም እወስዳለሁ፣ አደባልቄም ነው የሚተከለው። አንድ ወጥ ማሳ ዘጌ ላይ ማስገባት ያለንን ጥሩ ነገር ማበላሸት ነው።

ታኅሣሥ 24

ለቀማ። ከዛፍ ለ እና ከዛፍ መ ደህና የቀላውን ብቻ፣ ከዛፉ መሀከለኛ ቅርንጫፎች። አረቢካ ባብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት ነው የሚዳቀለው፣ እናም ልጆቹ ወደ እናታቸው ያደላሉ፤ የተወሰነው ግን በንብ ይቀላቀላል፣ ዘጌ ላይ ደግሞ ንብ ሞልቷል። ስለዚህ ችግኞቹንም መፈተን አይቀርልኝም።

ቀዩን ልጣጭ በእጅ ፈልፍለን፣ አሙለጭላጩን አጥበን፣ ነጩን ቅርፊት ሳናወልቅ ጥላ ላይ አሰጣን። ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈውን ጣልን፣ ባዶ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፤ ለመጠጥ የሚሆን ቡና ሌላ፣ ለዘር የሚሆን ሌላ። እትዬ ከሀ ሥር ያጠራቀሙትን ከረጢት አመጡ። አጎቴ ራሳቸው እጃቸውን ከተው አንድ እፍኝ አወጡ፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩ። ባብዛኛው ላይ ጠባሳው አለ።

"በቃ፣ ይሄ ለመጠጥ ይሁን" አሉ። ሀ አይቆረጥም፣ ማንም ይቆረጥ አላለም፤ ፍሬው ብዙ ነው። ለ ደግሞ ከማገዶነት ድኗል።

ጥር 6

ዘሩ መደብ ላይ ገባ። ከላዩ ሣር ለብሷል፣ ማታ ማታ ይጠጣል። አንድ ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል ብቅ ለማለት። የዛፍ ለ መደብ በግራ፣ የዛፍ መ በቀኝ፣ ምልክቱ በቆርቆሮ ላይ በምስማር የተጻፈ ነው፤ እስክሪብቶ በክረምቱ ይጠፋል።

ትናንት አጎቴ ደውለው የነበረው ለምን መሰላችሁ? ከሀም ጥቂት ዘር ለይተው አስቀምጠዋል። "ለእኔ አንድ መስመር ዝራልኝ፣ አንተ ሳጥን ውስጥ ያየኸውን እኔ መሬት ላይ ልየው" አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው እንጂ! ዳር ላይ ዘርቼላቸዋለሁ። ችግኞቹ በክረምቱ አድገው በቂ ቅጠል ካወጡ፣ መስከረም ላይ በሁሉም ላይ እኩል ዱቄት እረጫለሁ፣ እሳቸውም መጥተው ያዩታል።